ሕግና አሠሪ በሕንፃ ሥራ

በዊንጌት ሰፈርና በመላው ጉለሌ፥ እንደ ሌላውም የአዲስ አበባ ክፍል፥ ለብዙ ዓመታት ሕንፃ ሲሠራ መወጣጫውም የሶሌታውም ድጋፍ ባሕር ዛፍ ሆኖ ኖሯል። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፥ ወደ መዲናይቱ የገባው የእንጨት እጥረትን ለማቃለል ነበር። ዳሩ ግን የሕንፃው ድጋፍ አርማታው ሲጠነክር ይነሣል፤ ጥቂት ጊዜ ካገለገለም በኋላ ማገዶ ይሆናል። ይህን የመሰለውን ብክነት የሚያስቀረው ሕጉ ነው ወይስ አሠሪው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናት የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አስቀድሞ ሳይገመገምና ሳይፈቀድ እንዳይጀመሩ ደነገገ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፥ ለሕዝብ ጤንነትና ደኅንነት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ መመዘኛ አወጣ። «ዝቅተኛ» የሚለው ቃል ሊስተዋል ይገባዋል። ሕግ ማንም ከበታቹ እንዳይወርድ ወሰን ያበጃል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን ለአሠሪው ይተዋል።

አሠሪ የምንለው ሕንፃውን የሚያሠራውንና ገንዘቡን የሚከፍለውን ነው። ሥራ ተቋራጩ የሚሠራው በውሉና በፕላኑ የተጻፈውን ነው፤ በጨረታ በዋጋ ስለሚወዳደርም፥ ያልታዘዘውን የብረት መወጣጫ በራሱ ኪሣራ አያቀርብም።

ለዚህ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ምሳሌ ይሆኑናል። በ1990ዎቹ ማለቂያ ግድም በቦሌ ገርጂ የሙከራ ቤቶች በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እርዳታ ሲሠሩ፥ አሠሪው መንግሥት ነበር። ሶሌታው አስቀድመው በተዘጋጁ የአርማታ ተሸካሚዎች መካከል ብሎኬት እየተደረደረ እንዲሠራ ተመረጠ፤ በዚህም ዘዴ ለፎርማ የሚፈለገው እንጨት ቀነሰ። የሕንፃው አዋጅ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ እንጨቱን ያተረፈው የአሠሪው ምርጫ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ በእንጨት ብቻ አያበቃም። በዓለም ላይ ከሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 ከመቶ ያህሉ የሚመጣው ከሲሚንቶ ምርት ነው፤ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ይህን ጋዝ ይለቃልና። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ አርማታ የሚያፈስ አሠሪ ጉዳቱ ከግቢው አጥር ያልፋል።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ወጪ ያበዛል» ይላሉ። እውነት ነው፥ የብረት መወጣጫ ሲገዛ ከባሕር ዛፍ ይወደዳል፤ ነገር ግን ለብዙ ሕንፃ ያገለግላል። በመስኮት ብርሃንና ነፋስ የሚያገኝ ቤትም ለመብራት የሚከፈለውን ገንዘብ በየወሩ ያተርፋል። ለትርፍ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ሠርቶ ሲሸጥ ይህ ቁጠባ አይደርሰውምና ቸል ይላል፤ ስለዚህ ሕጉ የግድ ያስፈልጋል።

ከአሠሪዎች ሁሉ ታላቁ መንግሥት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት የመወጣጫውን ዓይነት፥ የብርሃኑንና የነፋሱን አገባብ፥ የወደፊቱንም የጥገና ወጪ በውላቸው ቢያስገቡ፥ ሥራ ተቋራጮች ልማዱን ይማራሉ፤ የግል አሠሪውም በዚያው ይከተላል።