ከዶሮው በፊት ቤቱ ይቅደም

በዚህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ ለማርባት ላሰባችሁ፣ በተለይም በወረታ ከተማና በዙሪያዋ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ለምትኖሩ ወገኖች፣ ስለ ዶሮ ቤት አሠራር ጥቂት ሐሳብ ልናካፍላችሁ እንወዳለን። ብዙ ሰው መጀመሪያ ዶሮውን ይገዛል፤ ስለ ቤቱ የሚያስበው ካርቶኑን ተሸክሞ ግቢ ከገባ በኋላ ነው። ዶሮዎቹ ለዚያች ሌሊት ብቻ ተብለው ማድ ቤት ያድራሉ፣ ከዚያም ክረምቱን ሙሉ እዚያው ይከርማሉ።

እናቶቻችን ዶሮን ያኖሩት ቆጥ ላይ፣ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነበር። ለአምስትና ለስድስት የሐበሻ ዶሮ ይህ ብዙም አላስቸገረም፤ ቀን ጭረው ይበላሉ፣ ማታ ቆጣቸው ላይ ይወጣሉ። ዛሬ ግን በአንድ ጊዜ ሃያና ሠላሳ የ45 ቀን ታዳጊ ዶሮ የሚገዛ ብዙ ነው። ይህን ያህል ዶሮ ባንድ ላይ ሲታጎር ኩሱ ይከማቻል፣ አየሩ ይከረፋል፣ የአንዱ በሽታ ሳይውል ሳያድር ወደ ሌላው ይዛመታል።

የፎገራ ነገር ደግሞ ከሌላው አገር ይለያል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ርብና ጉማራ በሚያቋርጡት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ሩዙን የሚያበቅለው ውሃ ለዶሮ አይመችም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ ስንቱን ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ጎርፍ ባይመጣም እንኳ ዋልካው አፈር ውሃን ይዞ ይቆያል እንጂ ቶሎ አያሰርግም። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ባለፈው ነሐሴ ውሃ የተኛው ግቢያችሁ ውስጥ የት ላይ እንደነበረ አስታውሱ፣ ከዚያም ራቁ።

ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ወለሉን በድንጋይና በጠጠር እስከ ጉልበት ከፍ ማድረግ ይበቃል። ውሃ በሚገባበት ሜዳ ለምትኖሩ ግን ቤቱ በእንጨት እግር ላይ ቢቆም ይሻላል። የባሕር ዛፍ ቋሚ አቁማችሁ፣ ወለሉን አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በቀርከሃ ወይም በቀጭን አጣና ርብራብ ሥሩት፤ ኩሱ በክፍተቱ ወደ ታች ይወርዳል። ክፍተቱ ግን የዶሮዋን እግር የሚያሾልክ እንዳይሆን። ሥራውንም ከግንቦት አታሳልፉት፣ በሰኔ የተመረገ ጭቃ አይደርቅም።

ለሃያ ዶሮ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ጥሩ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር አራት ዶሮ ማለት ነው። ቁመቱ ሰው ቆሞ የሚያጸዳበት ይሁን፤ ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ቤት ብዙ ጊዜ ሳይጸዳ ይከርማል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ላባ ያወጣ ዶሮ የወረታን ብርድ ይችለዋል። የሚጎዳው እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ቤቱ ስትገቡ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ፣ ከእናንተ ዝቅ ብለው የሚተነፍሱት ዶሮዎች ምን ያህል እንደሚቸገሩ ገምቱ። ስለዚህ የግድግዳው የታችኛው ግማሽ ጭቃ፣ የላይኛው ሽቦ ይሁን። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞሩ የጧትና የማታ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም። የጣራው ክፈፍ ወጣ ይበል፤ ዝናብ ለሚነዳበት ሌሊት ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍታችሁ እንደ መጋረጃ አንጠልጥሉ።

ሽቦው ጣት ብቻ የሚያሾልክ ይሁን። ሸለምጥማጥ በአንዲት ሌሊት ከሚበላው በላይ ሊገድል ይችላል፤ የወራት ቁጠባችሁ በአንድ ልል በር ሊያልቅ ይችላል። ወለሉ መሬት ላይ ከሆነ ግድግዳው ሥር አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ ድንጋይ ቅበሩ፤ በሩንም በገመድ ሳይሆን በመቀርቀሪያ ዝጉ።

ለጉዝጓዝ የፎገራ ሰው ሩቅ አይሄድም፤ የሩዝ ገለፈት በየወፍጮ ቤቱ አለ። ደረቁንና ያልሻገተውን ምረጡ፣ ዱቄቱን ንፉት፣ ወለሉ ድፍን ከሆነ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር አንጥፉት። የረጠበውን፣ በተለይም በውሃ መጠጫው ዙሪያ ያለውን፣ ወዲያው አውጡት። የሩዙን ጭድ ግን ለከብቶቹ ተዉላቸው!

ቆጡን ለእያንዳንዱ ዶሮ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አስቡለት፤ ሃያ ዶሮ አራት ሜትር እንጨት ይፈልጋል። የሚነቀል አድርጉት፤ ሌሊት ደም የሚመጡ ተባዮች የሚደበቁት በስንጥቁ ውስጥ ስለሆነ አውጥቶ በፈላ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። የእንቁላል መጣያው ሳጥን ለአምስት ዶሮ አንድ ይበቃል፤ ጨለም ያለና ከቆጡ ዝቅ ያለ ይሁን፣ አለዚያ እዚያው ውስጥ ማደር ይለምዳሉ።

አንድ ነገር ሳንናገር አንለፍ፦ ፈንግልን የዶሮ ቤት ብቻውን አያስቆመውም። ዶሮዎቹን ስትረከቡ የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰዱ ጠይቁ፣ ቀሪውንም ከወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋገሩ። ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ሳትለቋቸው አቆዩአቸው። ስትለቋቸውም ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ይሁን፤ ያን ጊዜ ሩቅ ሳይሄዱ ይመሻል፣ በራቸውንም ራሳቸው ፈልገው ይገባሉ።