በትራክተር ስለሚጐተቱ የዘር መዝሪያ መኪናዎች አሠራር

በየወረዳው የምትገኙ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች በትራክተር ስለ ማረስ ብዙ ሰምታችኋል፤ ስለሚዘራው መኪና ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ማረሻው ቢሳሳት መሬቱ ዳግመኛ ይታረሳል፤ መዝሪያው ቢሳሳት ግን ስሕተቱ የሚታወቀው ቡቃያው በወጣ ጊዜ ነውና፥ ያን ጊዜ ዘሩም የዘር ወራቱም አልፏል። ስለዚህ መኪናውን ለሕዝብ የሚያስመጣ ወይም የሚከራይ ሰው ሁሉ የውስጡን አሠራር ሊያውቅ ይገባዋል።

በእጅ የሚበትን ገበሬ ምንም ያህል ቢሠለጥን ዘሩ በአንዱ ስፍራ ይከማቻል፥ በሌላው ይሳሳል፤ ከፊሉ በላይ ቀርቶ የወፍ መብል ሲሆን ከፊሉ በጥልቅ ተቀብሮ ይቀራል። እንግሊዛዊው ጄትሮ ተል በ1701 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) ዘርን በመሥመር የሚያወርድ በፈረስ የሚጐተት መሣሪያ የሠራው ይህን አይቶ ነው። የዛሬውን መኪና ትራክተር ይጐትተው እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፤ ፈር ይከፍታል፥ ዘሩን ለክቶ ያወርዳል፥ አፈር ያለብሳል።

ለስንዴና ለገብስ የሚሆነው መኪና በላዩ ረጅም የዘር ሣጥን አለው። ከሣጥኑ በታች ለእያንዳንዱ መሥመር ቦይ ቦይ ሆኖ የተቀረጸ ትንሽ ተሽከርካሪ ብረት አለ፤ ይህም ሲዞር በቦዮቹ የያዘውን ዘር ወደ ቱቦው ይጥላል። ዘሩም በቱቦው ወርዶ፥ እንደ ሳሕን ክብ የሆኑ ስለታም ብረቶች በከፈቱት ፈር ውስጥ ያርፋል፤ ከኋላ የሚጐተት ሰንሰለት ወይም መጫኛ መንኰራኵር አፈሩን ይመልስበታል። በብዙዎቹ መኪናዎች ዘር የሚለካውን ብረት የሚያዞረው በመሬት ላይ የሚሽከረከረው የመዝሪያው መንኰራኵር እንጂ የትራክተሩ ሞተር አይደለም። ስለዚህ ትራክተሩ ቢፈጥንም ቢዘገይም ለአንድ ሄክታር የሚወርደው ዘር እምብዛም አይለወጥም፤ መንኰራኵሩ በጭቃ የተንሸራተተ እንደ ሆነ ግን ዘሩ ይጐድላል።

በቆሎ ግን እያንዳንዱ ፍሬ በየርቀቱ ለብቻው መውደቅ ስላለበት፥ መኪናው ዙሪያውን የተበሳ ክብ ሰሌዳ አለው፤ እያንዳንዱም ቀዳዳ አንድ ፍሬ ይይዛል። ቀዳዳው ከፍሬው ልክ ቢሰፋ ሁለት ይወድቃል፤ ቢጠብብ ፍሬው ይሰበራል ወይም ቦታው ባዶ ይቀራል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነገር መኪናውን ወደ እርሻ ከማስገባት በፊት መለካት ነው። የመንኰራኵሩ ዙሪያ 2 ሜትር፥ የመኪናው የሚዘራበት ስፋት 3 ሜትር ቢሆን፥ መኪናውን ከመሬት አንሥቶ መንኰራኵሩን 20 ጊዜ በእጅ ማዞር 120 ካሬ ሜትር እንደ መዝራት ይቈጠራል። ለሄክታር 125 ኪሎ ስንዴ የታሰበ እንደ ሆነ ከቱቦዎቹ ሁሉ 1 ኪሎ ተኩል ሊወርድ ይገባል። የየቱቦው ዘር በየከረጢቱ ተቀብሎ ቢመዘን የትኛው ቱቦ እንደሚያንስ ወዲያው ይገለጣል። ይህ ሥራ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ሲተው አይተናል፤ ግን ጥቂቱን ሰዓት የቈጠበ ሰው የዓመቱን ዘር በዕድል ላይ ጥሎታል።

በእርሻ ውስጥም ሳለ አንድ ሰው ከኋላ ተከትሎ ቱቦዎቹን ይመልከት። የፈር መክፈቻው በእርጥብ አፈር ከተደፈነ ዘር የሌለው መሥመር ከዳር እስከ ዳር ይሄዳልና። በሄክታር የሚከፈለው ነጂ መቸኰሉ አይቀርም፤ ሲፈጥን ግን መክፈቻው በጓል ላይ ይዘልና ዘሩ በላይ ይቀራል። ስንዴ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይስማማዋል።

ጤፍ ሌላ ነው። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ለስንዴ በተሠራው መኪና እንዲሁ ቢጨመር ፈስሶ ያልቃል፤ ጥልቅ ቢገባም አይበቅልም። ለደቃቅ ዘር የተሠራ መለኪያ ከሌለ የቀድሞው ብተና ይሻላል።

በአርሲና በባሌ እንዳለው ሜዳ ሰፊ እርሻ ለመኪናው ይመቻል፤ ድንጋያማውና ተዳፋቱ ግን የበሬ ነው። መኪናው ማዳበሪያም የሚያወርድ ከሆነ፥ ሥራው በተፈጸመ ዕለት የማዳበሪያው ሣጥን ፈጽሞ ይራገፍ፥ ታጥቦም ይድረቅ፤ ማዳበሪያ እርጥበት ስቦ ብረቱን ይበላዋልና።