ስለ ላቦራቶሪ ንጥር ውሃ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባው

በንግድ ሥራ ውስጥ ስሙ አንድ ሆኖ ዓይነቱ ብዙ የሆነ ዕቃን ያህል ነጋዴን ለኪሳራ የሚዳርግ ነገር ጥቂት ነው። «የተጣራ ውሃ» የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ባለመኪናው ለባትሪው፣ ሐኪሙ ለመርፌው፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛም ለምርመራው «የተጣራ ውሃ» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሦስቱ የሚሹት ግን ሦስት የተለያየ ዕቃ ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጸሐፊነት የማገለግልበትን ንግድ ቤት አንድ ላቦራቶሪ የዋጋ ማቅረቢያ ጠየቀ። በደብዳቤው ላይ የውሃው ደረጃ በቁጥር ተጽፎ ሳለ፣ እኔ ቁጥሩን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሬ «የተጣራ ውሃ» ብዬ ብቻ ተረጐምሁት። አለቃዬም በጽሑፌ ተማምነው ለባትሪ የሚሸጠውን ውሃ በጀሪካን ገዝተው አስረከቡ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ መለኪያውን ነክሮ ቁጥሩን እንዳነበበ ዕቃው በሙሉ ተመለሰ። ውሃው በመጨረሻ ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ ለጋራዦች ተሸጠ፤ ደንበኛውም ዳግመኛ አልመጣም። አለቃዬ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ጠይቄ ለመረዳት ተጋሁ።

ከምንጭም ሆነ ከቧንቧ የሚቀዳው ውሃ ካለፈበት አፈርና ድንጋይ እንደ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሶዲየም ያሉትን ማዕድናት ይዞ ይመጣል። ይህ ለጠጪው ጣዕም እንጂ ጉዳት አይደለም። በላቦራቶሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ኦክራቶክሲን ኤ የተባለው የሻጋታ መርዝ በአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ውስጥ ከ3 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ጀምሮ ወስኗል። ይህም ማለት የአንድ ግራም 3 ሚሊዮንኛ ነው። እንዲህ ያለውን ኢምንት ነገር የሚለካው መሣሪያ የሚሠራበት ውሃ ራሱ እድፍ ካለበት፣ የውሃውን ከቡናው መለየት ያዳግታል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከአገራችን በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት ባገኘች ጊዜ ንግዱ እንዴት እንደ ተጐዳ የቡና ላኪዎች ያስታውሱታል። እንግዲህ የምርመራ ውሃ ጥራት የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የላኪውም ጉዳይ ነው።

የውሃ ንጽሕና የሚለካው በዋናው በኤሌክትሪክ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟ ጨው ኤሌክትሪክን ያስተላልፋልና፣ ጨው ባነሰ ቁጥር ማስተላለፉም ያንሳል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣው አይ ኤስ ኦ 3696 በተባለው ደንብ የላቦራቶሪን ውሃ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ፣ ደረጃ 3 ከ5 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር፣ ደረጃ 2 ከ1፣ ደረጃ 1 ደግሞ ከ0.1 እንዳይበልጥ ያዛል። ደረጃ 3 ለተራ የኬሚስትሪ ሥራ ይበቃል፤ ደረጃ 1 ግን ከላይ እንደ ጠቀስሁት ላለው ጥቃቅን ምርመራ ነው።

እዚህ ላይ አስመጪ ሁሉ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። አሜሪካኖች ኤ ኤስ ቲ ኤም በተባለው ድርጅት ደንብ የሚጠቀሙበት «ዓይነት 3» እና ከላይ ያለው «ደረጃ 3» ቁጥራቸው ቢመሳሰልም አንድ አይደሉም። የአሜሪካኖቹ ወሰን 0.25 ሲሆን የሌላው 5 ነው፤ ልዩነቱም 20 እጥፍ ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ጥንታዊው ዘዴ አረቄ የሚወጣበት ዘዴ ነው፤ ውሃውን አፍልቶ እንፋሎቱን ማቀዝቀዝ ነው። ዛሬ ግን ውሃው በመጀመሪያ በከሰል ማጣሪያ ያልፋል፤ ቀጥሎ በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ ይገፋል፤ ከዚያም ሬዚን የተባሉ ጥቃቅን እንክብሎች የቀረውን ጨው ይለቅማሉ፤ በመጨረሻ አልትራቫዮሌት ብርሃንና ረቂቅ ማጣሪያ ይጨርሱታል።

ይህን ያህል የተደከመበት ውሃ ግን በመጋዘን አይቀመጥም። አየር ካገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይጠጣና ማስተላለፉ ወደ 1 ማይክሮሲመንስ ይጠጋል፤ ማለት ከደረጃ 1 ወሰን 10 እጥፍ ያልፋል። ዕቃውም ቢሆን አያምነውም። ላቮዋዚዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ ከ1768 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ101 ቀናት ውሃን በተዘጋ የብርጭቆ ዕቃ ሲያሞቅ ቆይቶ በውስጡ አፈር የመሰለ ነገር አገኘ። ሌሎች ውሃ ወደ አፈር ይለወጣል ይሉ ነበር፤ እርሱ ግን ዕቃውን መዝኖ አፈሩ ከብርጭቆው የወጣ መሆኑን በሚዛን አስረዳ።

ስለዚህ ለነጋዴዎቻችን የምመክረው ይህ ነው። አንደኛ፣ ጠያቂው የደንቡን ስም፣ የደረጃውን ቁጥርና የሚሠራበትን ነገር በጽሑፍ ሳይሰጥ ዋጋ አታቅርቡ። ሁለተኛ፣ ደረጃ 1 ውሃን በጀሪካን አስረክባለሁ ብላችሁ አትዋዋሉ፤ ይህ ውሃ በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራበት ሰዓት የሚመረት ነውና የሚሸጠው ውሃው ሳይሆን መሣሪያው ነው። ሦስተኛ፣ መሣሪያውን ስታስመጡ ሽፋኑን፣ ሬዚኑንና ማጣሪያዎቹን አብራችሁ አስቡ፤ እነዚህ አልቀው ካልተተኩ መሣሪያው ጨውን ማሳለፍ ይጀምራል። ደንበኛውንም ዓመት ከዓመት የሚያመላልሰው ይህ መተኪያ ነው። አራተኛ፣ የመርፌ ውሃ የመድኃኒት ሕግ የሚገዛው ሌላ ዕቃ ስለ ሆነ ከዚህ ጋር አይቀላቀል።

ጸሐፊዎች የሆናችሁ ባልደረቦቼም በደብዳቤ ላይ ያለች አንዲት ቁጥር የዕቃው ግማሽ መሆንዋን አትርሱ፤ እኔ የረሳሁባት ቀን ለቤታችን ውድ ሆናለችና።