አይጥ ስለ በኩር ልጅ ምን ይነግረናል?

ደብተርና እርሳስ አቅርቡ፤ አንድ ሳንቲምም ከኪሳችሁ አውጡና አጠገባችሁ አኑሩ። ሳንቲሙ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የተነሣው ከራሴ ስሕተት ነው። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ቀን ልጆችን፣ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ በወላጆች ስብሰባ ላይ ጨዋታ ለማሳመር ብዬ ከአንድ የጋዜጣ ቅዳጅ ላይ ያነበብኩትን ተናገርኩ። «በአይጦች ላይ ተሞክሮ፣ መጀመሪያ የሚወለደው ከተከታዮቹ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚማር ታውቋል» አልኩ። ሰው ሳቀ፤ በኩር የሆኑት ደረታቸውን ነፉ፤ ስብሰባው ተበተነ። እኔም ረሳሁት።

አንዲት እናት ግን አልረሱትም። በተከታዩ ዓመት ሁለተኛዋ ልጃቸው በምዝገባው ቀን ስትቀርብኝ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። «እትዬ፣ ልጅቱን ምነው አስቀሯት?» ብላቸው፣ «መምህር፣ የደብተሩና የልብሱ ወጪ ለሁለቱም አልበቃ ቢለኝ፣ ለአንዱ ይሁን ብዬ ነው። ደግሞስ የፊተኛው ነው ትምህርት የሚቀበለው ያሉት እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። አይጦቹ ስንት እንደ ነበሩ እንኳ አላውቅም። ቅዳጁ አልጻፈውም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ያን ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ዛሬ ከእናንተ ጋር ልጠይቅ።

ለመሆኑ በእንስሳ ዘንድ «የመጀመሪያ ልጅ» ሲባል ምን ማለት ነው? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንዲት ጊደር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወልድ የምትሰጠው ወተት፣ በሦስተኛና በአራተኛ ወሊዷ ከምትሰጠው እንደሚያንስ ገበሬ አድማጮቻችን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ገላዋ ገና እያደገ ነው፤ የበላችው መኖ ለራሷም ለጥጃዋም መካፈል አለበት። ሬሰስ የሚባሉት የእስያ ዝንጀሮዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደችው እናት ወተቷ ያንሳል። ታዲያ የፊተኛው ጥጃ ቢከሳ «በኩር ደካማ ነው» ይባላል? አይባልም። የምናየው የእናቲቱን አካልና ልምድ ነው።

አይጥ ደግሞ ሌላ ናት። ሦስት ሳምንት ያህል አርግዛ በአንድ ምጥ ስምንትም አሥርም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ከአንደኛው እስከ አሥረኛው ያለው ልዩነት የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሁሉም ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ ጠጉር ሳያበቅሉ ይወጣሉ፤ ጎን ለጎን ተደርድረው ይጠባሉ። በአይጥ ቤት ታላቅ ታናሹን አያዝልም፤ ውሃ ቅዳ ተብሎ አይላክም፤ ፊደልም አያስቆጥርም። የሰው በኩር ግን ሁለት ሦስት ዓመት የእናት የአባቱን ፊት ለብቻው ሲያይ ይቆይና፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሕፃን ይመጣበታል። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ጠርተን፣ ስማቸው አንድ ስለ ሆነ ብቻ ከአንዱ ስለ ሌላው እንፈርዳለን።

እንስሳውን መምረጥም እንደ ፍላጎት ነው። በአገራችን ገደላ ገደል የሚኖረው፣ ሽኮኮ እያደነ የሚበላው ጥቁር ንስር ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል። መጀመሪያ የተፈለፈለው ጫጩት፣ ጥቂት ቀን ዘግይቶ የሚወጣውን ታናሹን እየነቆረ፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ይገድለዋል። እናት ቆማ ታያለች። ከንስሩ ተነሥተን በኩር ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው እንበል? ከጥጃው ተነሥተን ደካማ ነው፣ ከአይጡ ተነሥተን ብልኅ ነው እንበል? እንስሳውን የመረጠው ሰው መልሱንም አብሮ መርጧል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንሂድ። ሳንቲሟን አንሡ። አንበሳው ያለበትን ፊት «በኩሩ በለጠ» እንበለው፤ ሌላውን ፊት «ታናሹ በለጠ» እንበለው። አራት ጊዜ ወርውሩና የወጣውን በተራ ጻፉ። ልጆች ካሉ እነርሱ ይወርውሩ፤ እናንተ ጻፉ። እጠብቃችኋለሁ።

ጨረሳችሁ? አራት ውርወራ በ16 ዓይነት መንገድ ሊወጣ ይችላል። የተጠራጠረ ሰው በደብተሩ ላይ ይደርድረው፤ አንበሳ አንበሳ አንበሳ አንበሳ፣ አንበሳ አንበሳ አንበሳ ሌላው፣ እያለ ይቀጥል። ከ16ቱ በአንዱ ብቻ አራቱም አንበሳ ይሆናል። እንግዲህ ይህን ንግግር በ160 ቤት የሚሰሙት ከሆነ፣ አሥር ያህሉ ቤት አሁን አራት አንበሳ አግኝቶ ይገረማል ማለት ነው። የእነርሱ ሳንቲም ከጎረቤት ሳንቲም የተለየ ነገር የለውም። አጋጣሚ ነው።

አራት የአይጥ ቤተሰብ ወስዶ፣ በአራቱም በኩሩ ከታናሹ ፈጥኖ ተማረ የሚል ሰው የነገረን ከዚህ የማይበልጥ ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ሁለት አንበሳና ሁለት ሌላ ፊት ያገኘ ቤት ለጎረቤት የሚያወራው ነገር የለውም፤ ዝም ይላል። አራት ያገኘው ግን ደጅ ወጥቶ ይጣራል። በጋዜጣም የምናነበው እንዲሁ የተጣራውን ነው። ዝም ያሉትን ማን ይቆጥራቸዋል?

«አይደለም፣ አይጦቹ 40 ነበሩ» ብሎ የሚከራከርም ይኖራል። መልካም፤ ከስንት እናት? ከአራት እናት አሥር አሥር ከሆኑ ነገሩ ብዙም አልራቀም። ባልትና የምታውቁ እናቶች ይህን ከእኔ በተሻለ ትፈርዳላችሁ። ከአንድ ቡሖ አሥር እንጀራ ብንጋግር፣ ቡሖው የኮመጠጠ እንደ ሆነ አሥሩም ይኮመጥጣሉ። አሥር እንጀራ ቀመስኩ ብሎ የዘንድሮ ጤፍ ሁሉ ይኮመጥጣል የሚል ሰው፣ የቀመሰው አንድ ቡሖ ነው። ከአንድ ሆድ የወጡ የአይጥ ልጆችም አንድ እናት፣ አንድ ወተት፣ አንድ የሽቦ ሳጥን ነው ያላቸው። ስቱዋርት ሐልበርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 እንዲህ ያለውን አቆጣጠር «ሐሰተኛ ድግግሞሽ» ብሎ ሰይሞ፣ በሙያ ጓደኞቹ ጽሑፎች ውስጥ በብዛት መኖሩን አሳየ። ስለዚህ ስሕተቱ የመሃይም ስሕተት አይደለም፤ የተማረውም ይሠራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመልስ። በእንስሳ የሚደረግ ሙከራ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የአይጥ ልጆችን ከአንዷ እናት ወደ ሌላዋ አዛውሮ ማሳደግና፣ የደሙን ከአስተዳደጉ መለየት ይቻላል፤ በሰው ልጅ ላይ ይህን የሚያደርግ የለም። ሙከራው ጥያቄ ያስነሣል፣ መንገድ ያሳያል። ከዚያ ዘሎ የእትዬ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ነው የሚያጣላን።

ደግሞ ስለ ሰው ለማወቅ ለምን አይጥ እንጠይቃለን? ሰው ራሱ ተቆጥሯል። በኖርዌይ አገር ለውትድርና የተመረመሩ ከ240,000 በላይ ወጣት ወንዶች የወሰዱትን የአእምሮ ፈተና ሁለት ተመራማሪዎች፣ ፔተር ክሪስተንሰንና ቶር ቢዬርከዳል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 አቅርበዋል። መካከለኛው ውጤት 100 በሆነበት ፈተና በኩሮቹ ከሁለተኛ ልጆች በአማካይ በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ያህል በለጡ። ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ሁለተኛ ሆነው ተወልደው ታላቃቸው በሕፃንነቱ የሞተባቸው፣ በቤት ውስጥ ታላቅ ሆነው ያደጉ ወጣቶች ነበሩ፤ የእነርሱ ውጤት ከበኩሮቹ ጋር ተቀራረበ። እንግዲህ ከማሕፀን ስንተኛ ወጣህ ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ ስንተኛ ሆነህ አደግህ ነው ጉዳዩ። ይህን ደግሞ በአንድ ቀን ከተወለዱ አሥር አይጦች ማንም ሊያየው አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የጀርመን ተመራማሪዎች ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን ከ20,000 በላይ ሰዎችን መረመሩ። በኩር ቆጣቢ ነው፣ የመጨረሻ ልጅ ተጫዋች ነው የምንለው ሁሉ ሲመዘን፣ በትጋትም፣ በመንፈስ መረጋጋትም፣ ከሰው ጋር በመስማማትም ተራው ያመጣው ልዩነት አልተገኘም። በአእምሮ ፈተናው ያችው ትንሽ ልዩነት ታይታለች፤ ከአሥር የታላቅና ታናሽ ጥንዶች በአራቱ ያህል የሚበልጠው ታናሹ ነው። አራት ከአሥር! በዚህ ተመርቶ ልጅ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚመርጥ ያህል ነው።

አገርም ይለያያል። በደቡብ አሜሪካ በኤኳዶር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የተገላቢጦሹን አገኘ፤ በድኻ ቤተሰብ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩት የፊተኞቹ ናቸው። ታላቁ ቶሎ ወደ ሥራ ይላካል፤ የእናቱንም ጊዜ በቂ አያገኝም። ከብት የጠበቀ በኩር ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

አንድ ወጥመድ ቀርቶኛል፤ ቶሎ ልለፈው። ስምንተኛ ልጅን ከሌላ ቤት ሁለተኛ ልጅ ጋር ስናወዳድር፣ ስምንት ልጅ ያለበትን ቤት ሁለት ልጅ ካለበት ቤት ጋር እያወዳደርን ነው። ሞሰቡ ስንት እጅ ይገባበታል የሚለው ጥያቄ ከልጁ ተራ ጋር ይቀላቀላል። ማወዳደር ያለብን ወንድምን ከወንድሙ፣ እኅትን ከእኅቷ፣ በአንድ ጣራ ሥር ነው። በአይጥም ቢሆን አሥራ ሁለት የሚጠቡበትና አራት የሚጠቡበት ጡት እኩል አይደለም።

ወደ እትዬ ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ሳንቲም ይዤ ነበር፤ ቡና እየተፈላ ከሁለቱ ልጆች ጋር ወረወርን። አንድ ጊዜ ሦስት አንበሳ፣ አንድ ጊዜ አንድ አንበሳ ወጣ። ያን ቀን የተናገርኩት እኔ ራሴ ያላጣራሁት ነገር እንደ ነበረ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ያን ጊዜ ምነው በአፍዎ አመጡት?» አሉኝ። ለዚህ ዛሬም መልስ የለኝም።

የደብተሩን ነገር ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረን አበጀነው፤ ልጅቱም ዘግይታ ተመዘገበች። ንባቡ ይሆንላታል፤ ማካፈል ያስቸግራታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ታላቅ ወንድሟ ያስጠናታል፤ እርሱ ራሱ ማካፈሉን በደንብ የያዘው እርሷን ሲያስረዳ ነው ይለኛል።

ሳንቲሙን መልሱ፤ የወረወራችሁትን የጻፋችሁበትን ገጽ ግን አትቅደዱት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ትደምሩታላችሁ። ደኅና እደሩ።