የወንዱ ግፊት ለምን ዘግይቶ ይታወቃል?

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ነፍሰ ጡር ለክትትል ጤና ጣቢያ በሄደች ቁጥር ግፊቷ ይለካል። ባልየውስ? ካልወደቀ ወይም ትኩሳት ካልጣለው ክንዱን ማን ይለካለታል? እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እንኳ ዋና ትኩረቱ እናቶችና ሕፃናት ነበሩ፤ ባለሙያዋ በር ስታንኳኳ አባወራው አብዛኛውን ጊዜ ወይ እርሻ ላይ ነው፣ ወይ ሥራ ቦታ። እናም «እኔ ደህና ነኝ፣ ምን አመመኝና?» እያለ ዓመታት ይነጉዳሉ።

ጣጣው ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አለማመሙ ነው። «ሲጨምርብኝ ራሴን ስለሚያመኝ አውቀዋለሁ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ እውነቱን ለመናገር አያውቁትም። ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ድምፁን አጥፍቶ ሲጎዳ ይቆይና አንድ ቀን ስትሮክ ሆኖ ይመጣል።

አለካኩ ግን እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ! ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ሲነፋ የደም ሥሩን ጨፍኖ ደሙን ያግደዋል። አየሩ ቀስ እያለ ሲለቀቅ ደሙ እንደምንም ጥሶ ማለፍ ይጀምራል፤ በማዳመጫው ዷ ዷ የሚል ድምፅ ይሰማል። የላይኛው ቁጥር የሚነበበው ያኔ ነው። የደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ የታችኛው። ይህን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1905 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ኒኮላይ ኮሮትኮፍ የተባለ ሩሲያዊ ቀዶ ሐኪም ነው፤ እስከ ዛሬም እንሠራበታለን።

በተለያየ ቀን ተለክታችሁ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ማነጋገር ግድ ነው። ስትሄዱ ታዲያ ቡና ጠጥታችሁ፣ ጫት ቅማችሁ ወይም ሽንት ይዟችሁ አትለኩ፤ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ ተቀመጡ። ወሬም ይቅር፤ ማውራት ራሱ ግፊት ይጨምራል።

እግረ መንገዳችሁን ስኳርም ተመርመሩ። ሃምሳን ያለፈ ደግሞ ስለ ፕሮስቴት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አንድ ወንዶች የማናወራው ጉዳይ አለ፦ የመኝታ ቤት ድክመት። ወደ ብልት የሚሄዱት የደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ የደም ሥር ጉዳት አንዳንዴ ልብ ላይ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት እዚያ ይታያል። ይህ ሲያጋጥም ተደብቆ ክኒን ከመግዛት ግፊትንና ስኳርን መለካት ይሻላል።

መድኃኒት የታዘዘለት ወንድም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ወር ውጦ ይለካና 120 በ80 ሲሆንለት «ተመስገን፣ ዳንኩ» ብሎ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ቁጥሩን ያወረደው እኮ ክኒኑ ነው፤ ሐኪሙ ሳያውቅ ሲያቆመው ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ እሱም እንደ ድሮው ምንም አይሰማውም።