«ማንሳት ካማረሽ ሸክሙን አንሺው!»

እኔ የቁስቋም ልጅ ነኝ። ቁስቋም ስላችሁ እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ያሠሯትን ማለቴ አይደለም፤ የአዲስ አበባዋን፣ የጉለሌዋን ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ ታክሲው ማቃሰት የሚጀምርበት ሰፈር አለ አይደል? እሱ የእኛ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ዘንጦ፣ ሽቶውን ነፍቶ ፎቶ ሊነሳ የሚወጣው ወጣት በእኛ በር ያልፋል። እኛን ግን በመስኮት አይቶን ነው የሚያልፈው። ምን ይፈረድበታል! ጀሪካን፣ ቆርቆሮ፣ ያዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ እንጨት የጫነች አህያ... ለዚህ ማን ስልኩን ያወጣል?

እኔ አወጣለሁ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁትም ይህንኑ ነው፤ የመንገድ ላይ ተራ ዕቃን ሰማዩን ከኋላው አድርጎ ስለማንሳት። የማውቀውን ያህል አካፍላችኋለሁ። በፊት ግን እንዴት እንደጀመርኩት ልንገራችሁ፤ የጀመርኩት በጥፋት ነውና።

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ሲያወርደው ውሎ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ድንገት ቀጥ አለ። በየካ በኩል ያለው ሰማይ እንደ ምጣድ ጠቁሯል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ደመናው ከሥሩ ተቀደደና ፀሐይዋ በቀዳዳው ብቅ አለች። ፊት ለፊቴ ጥቁር ሰማይ፣ ከኋላዬ ቢጫ ብርሃን! በዚህ መሀል ከበላዬ ካለው ጉብታ ጫፍ ላይ አንዲት እናት የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ብቅ አሉ። ጎንበስ ብለዋል፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል። ጠቅ!

ፎቶው ወጣ ነው የምላችሁ። ጓደኞቼ አበዱ። አንድ ትንሽ ኤግዚቢሽን ላይ በትልቁ ታትሞ ተሰቀለ፤ ሰው ሁሉ እየመጣ «ውይ!» ይላል፤ እኔ ደረቴን ነፍቼ ከጎኑ ቆሜያለሁ። በሦስተኛው ቀን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ጓደኛዬ የመሥሪያ ቤቷን ልጆች አስከትላ መጣች። ፎቶው ፊት ቆሙ። ከልጆቹ አንዱ «ምስኪን! እኚህ እናት ልጅ የላቸውም እንዴ?» አለ። ጓደኛዬ ትንፍሽ አላለችም። ዞር ብላ አየችኝና ወጣች።

እናቷ ናቸው።

«አላወቅኋቸውም ነበር» ብዬ ብጽፍላችሁ ማን ያውቅብኛል? ግን አውቄያቸው ነበር። ገና ጉብታው ላይ ብቅ ሲሉ በነጠላቸው አስተሳሰር ለይቻቸዋለሁ። «ፊታቸው አይታይ፣ ማን ያውቃቸዋል» ብዬ ነው። ጓደኛዬ እናቷ ምን ሠርተው እንዳሳደጓት ለሥራ ባልደረቦቿ ተናግራ እንደማታውቅም አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ስልኬን አታነሳም፤ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። መስከረም ሲጠባ አንድ ኪሎ ቡና ገዝቼ፣ እናቴን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጓደኛዬ አልነበረችም። እናቷ ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ሠርቼ ማደሬ እኔን አያሳፍረኝም። ልጄን ግን ሰው ፊት አዋረድሻት» አሉኝ። ቀጥለውም «ደሞ ማንሳት ካማረሽ ሸክሙን አንሺው! እኔን ተይኝ» አሉ። እናቴ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ መሬት መሬቱን ነበር የማየው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለሹማምንት፣ በሕዝብ ዘንድ ለታወቁ ሰዎች፣ በአደባባይ ለተደረጉ ነገሮችና ለመሳሰሉት ክፍት ይተዋል። እንግዲህ ጠበቃ ይዤ ብከራከር ምናልባት አመልጥ ይሆናል። ጓደኛዬን ግን የትኛው አንቀጽ ይመልስልኛል?

የእማማን ቀልድ ቃል በቃል ወሰድኩት። ከመንገዱ ዳር እንጨት ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን አስደግፈው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት የድንጋይ ካብ አለ። በማግስቱ እዚያ ጠበቅኋቸው። ሸክማቸውን አስደግፈው ውሃ ሊጠጡ ዞር ሲሉ «እማማ፣ አሁን ላንሳው?» አልኳቸው። በእጃቸው «እንዳሻሽ» አሉኝ።

ቆሜ አነሳሁት፤ የማይረባ ሆነ። ከኋላው አጥር አለ፣ ሱቅ አለ፣ ሱቁ ላይ የተለጠፈ የለስላሳ ማስታወቂያ አለ። ቁጢጥ ብዬ ሞከርኩ፤ አሁንም የቆርቆሮ ጣሪያ ገባ። በመጨረሻ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁና ሌንሱ ከታች እንዲሆን ስልኩን ዘቅዝቄ መሬት አስነካሁት። አጥሩም ሱቁም ጠፉ! ሸክሙና ሰማዩ ብቻቸውን ቀሩ። እንጨቱ ተራራ አከለ። ከኋላዬ የሚወርዱ ልጆች «ወደቀች! ወደቀች!» እያሉ ሮጡ እንጂ ለእኔስ ተገልጦልኝ ነበር።

የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ጀሪካንን፣ የሊስትሮ ሣጥንን፣ የከሰል ማንደጃን ሁሌም የምናያቸው ከላይ ወደ ታች ነው። ከኋላቸው የሚታየን መሬት ነው፤ መሬት ደግሞ ኮተት የሞላበት ነው። ዝቅ ስትሉ ኮተቱ ከሥዕሉ ይወጣል፤ ዕቃው አጠገብ «ይኸው ይቺን ነው የሚያክል» የሚል ማነጻጸሪያም ይጠፋል። አንዲት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ፎቅ መስላ ትቆማለች። ሱሪያችሁ ይበላሻል፤ እሱን ቻሉት።

ቀጥሎ ብርሃኑ። ካሜራ ከመሬቱም ከሰማዩም አማካይ ይወስዳል። ፊቱ ያለው ዕቃ ጥቁር ከሆነ «ጨለመብኝ» ብሎ ሁሉንም ያፈካና ያ የሚያስፈራ ሰማይ እንደ አንሶላ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጣታችሁን ዕቃው ላይ ሳይሆን ደመናው ላይ አሳርፋችሁ ትንሽ ያዙ፤ ብዙዎቹ ስልኮች መጠኑን እዚያው ይቆልፉታል። ከዚያ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ሳቧት። ሰማዩ ነፍስ ይዘራል፤ ዕቃው ይጠቁራል። መጥቆሩ ለጀበና፣ ለጃንጥላ፣ ለጀሪካን ያምርባቸዋል፤ በቅርጻቸው ብቻ ስለሚታወቁ። ለእንጨት ሸክም ግን አይሆንም። ሸክም ሲጠቁር ጉብታ ነው የሚመስለው፤ እያንዳንዱ እንጨት እንዲታይ ዝቅ ያለች ፀሐይ ከጎን ወይም ከኋላችሁ ልታበራበት ይገባል። ይህን ያወቅሁት አርባ የሚሆኑ ጉብታዎች ካነሳሁ በኋላ ነው።

ፊልም የሚወዱ ደግሞ አይጠፉም። አጎቴ ከደርግ ጊዜ የቀረ ዜኒት ካሜራ አላቸው፤ ሌባ ብትፈነክቱበት የሚወድቅ ብረት ነው። እሳቸው ያስተማሩኝ፣ ጠራራ ፀሐይ ከሆነ የብርሃን ቀዳዳውን 16 ላይ ማድረግ፣ ፍጥነቱን ከፊልሙ ቁጥር ጋር ማቀራረብ ነው፤ ለ100 ፊልም 1/125 መሆኑ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ፊልትሮ ከሌንሱ ፊት ሲደረግ ሰማያዊው ሰማይ ይጠቁርና ነጩ ደመና ጎልቶ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ በደመና ለተሸፈነ ሰማይ ግን ምንም አይረዳም፤ ይህንንም ከፊልሙ ዋጋ ጋር ተምሬዋለሁ።

ሰማዩ እኛ ሰፈር ለምን እንዲህ እንደሚሆን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እርጥብ አየር እንጦጦን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ይሆናል። ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ከሰዓት በኋላ ጥጥ እንደተከመረበት ግቢ ይሆናል። የደመናው ሆድ የሚጠቁረው ክምሩ ወፍራም ስለሆነ ብርሃን ስለማያሳልፍ ነው። ሁሉም የዝናብ ሰማይ ግን ጥሩ አይደለም። ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ የሚዘረጋው ለፎቶ ሞት ነው። የሚፈለገው ዝናቡ ሊመጣ ሲል ወይም ሲያባራ ያለችው አጭር ሰዓት ናት። ከአሥር ሰዓት ወዲያ ፀሐይዋን ከኋላ አድርጋችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ፤ ቀስተ ደመናም ከወጣ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። እኩለ ቀን ላይ ግን አትልፉ። በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ጥላችሁ እንኳን እግራችሁ ሥር ይደበቃል። ደግሞ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጉብታ ላይ አትገተሩ። ፎቶው ይቅርባችሁ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ያሳቀኝ የሊስትሮ ሣጥን ነው። ባለቤቱ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። «መጀመሪያ ጫማሽን አስጠርጊ፣ ከዚያ አንሺ» አለኝ። ያደረግሁት የሸራ ጫማ ነው። «እሱንም በውሃ አጥባለሁ» አለና አጥቦ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ፣ ሣጥኑን ራሱ ድንጋይ ላይ ሰቀለልኝ። ብሩሹ ከላይ ጋደም እንዲልም ያዘዘው እሱ ነው፤ ልክ ነበር። የቁስቋም ንግሥ ለታ፣ ኅዳር 6፣ ደግሞ ካሜራውን ቀና ሳደርገው ያ ሁሉ ሕዝብ ከሥር ወጣና ጥላዎቹ ብቻ ሰማያዊ ሰማይ ላይ ቀሩ። ሽሮ ሜዳ ሱቆቹ በር ላይ የተሰቀሉትን ነጠላዎች ነፋስ ሲያነሳቸው ለማንሳት ሞክሬ ነበር፤ ማስታወቂያ መሰለብኝና ተውኩት። በኤምባሲው አጥር በኩል ግን ካሜራ እንዳታወጡ፤ ዘበኛው ስለ ሥነ ጥበብ ሊወያይ አይመጣም።

ይህ ነገር የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊው አልፍሬድ ስቲግሊትዝ ፎቶዎቹ ኃይል የሚያገኙት በሚያነሳቸው ሰዎች ላይ ካለው ተጽዕኖ ነው ተባለና ተናደደ። እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ካሜራውን ወደ ሰማይ አዙሮ ደመና ማንሳት ያዘ፤ በደመና ላይ ማን ተጽዕኖ አለው? ይህን ሳነብ እኔና የጓደኛዬ እናት ትዝ አልን። ከእኛው መሀል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ አለች። በ2018 ለዋተርኤይድ አፋር፣ ዳሎል ድረስ ሄዳ ሴቶችና ውሃ ስላላቸው ግንኙነት የሠራቻቸውን ፎቶዎች ፈልጋችሁ እዩ። ጀሪካን እዚያ ሜዳና ሰማይ መሀል ምን እንደሚሆን ታያላችሁ። የእሷ ሴቶች ግን ተስማምተው፣ ለብሰው፣ ተኳኩለው ነው የቆሙት፤ ልዩነቷን ልብ በሉልኝ። ሚካኤል ጸጋዬ ደግሞ ሠዓሊ ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ካሜራ አነሳ ይባልለታል። አንዳንዴ አለርጂም ለበጎ ነው።

ወደ ሸክሙ ልመለስ። ትክክለኛዋን ፎቶ ለማግኘት ሰባት ወር ፈጀብኝ። ሰማዩ ሲያምር እማማ አይወርዱም፤ እሳቸው ሲወርዱ ሰማዩ ባዶ ሰማያዊ ነው። በሚያዝያ፣ የበልጉ ደመና ተከምሮ ሳለ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተገጣጠሙልኝ። የተኛሁት ያው ቦታ ነው። በደንብ አሳተምኩና ቤታቸው ይዤ ሄድኩ።

ጓደኛዬ ቡና እያፈላች ነበር። ሰላም አልኳት፤ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ ረከቦቷ ተመለሰች። ግድግዳው ላይ እማማ በልጅነታቸው ፎቶ ቤት የተነሱት ፎቶ አለ፤ ፀጉራቸውን አፍሮ አድርገው ቆመዋል፤ ከኋላቸው በቀለም የተቀባ መጋረጃ፣ ዘንባባና ሁለት ደመና። የእኔን ፎቶ ተቀበሉና ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመብኝ።

«ይህን ሁሉ ነው እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ በጣታቸው ከሥር በኩል ጠቆሙ። «ይቺን አየሽ? ይቺ እርጥብ ናት። ያን ቀን ወገቤን የጨረሰችው እሷ ናት።»

ጓደኛዬ ጀበናውን አስቀምጣ ተነሳች። በእናቷ ትከሻ በኩል አጎነበሰች።

«የቷ?» አለች።

እኔ ነኝ ያሳየኋት።