የኮሌጅ አሠልጣኝ ለተማሪ አትሌት የሚደውለው መቼ ነው?

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው የምዕራብ ዓባያ ወረዳ ከተማ ብርብር ፈጣን ሯጭ የሆነ ተማሪ ቢገኝ፣ የሚጠብቀው መንገድ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው፡፡ በትምህርት ቤቶች ውድድር ከፊት ይወጣል፤ ዞኑን ወክሎ ይሮጣል፤ ከቀናውም በአሰላው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም እንደ መቻልና ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባሉ ክለቦች መልማዮች ዓይን ይገባል፡፡ የዓባያ ዳርቻ ቆላ ለረጅም ርቀት ልምምድ ባይመችም የጨንቻ ደጋ ሩቅ አይደለም፡፡ መልማዮቹ በዋነኛነት የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ሰዓቱንና ዕድሜውን፡፡

ከዚህ ጎን ለጎን በአገራችን ብዙም ያልተለመደ ሌላ በር አለ፡፡ ይኸውም የአሜሪካ ኮሌጆች ለስፖርተኞች የሚሰጡት ነጻ የትምህርት ዕድል ነው፡፡ ኬንያውያን በዚህ በር መግባት ከጀመሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፡፡ ሔንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፡፡ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤም ሩጫን የጀመረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ለኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ እ.ኤ.አ. በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን፣ በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ በዚሁ ርቀት የነሐስ ሜዳሊያ ባለቤት ሆኗል፡፡

በአሕጽሮት ኤንሲኤኤ የሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ለምልመላ ቀን ቆርጧል፡፡ በአንደኛ ዲቪዚዮን ያሉ የአትሌቲክስ አሠልጣኞች ስለ ምልመላ ለተማሪ መደወልም ሆነ መጻፍ የሚችሉት ተማሪው 10ኛ ክፍልን ካጠናቀቀ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 8 ቀን ጀምሮ ነው፡፡ የእኛም ተማሪ 10ኛ ክፍልን የሚጨርሰው በዚያው ሰሞን ነው፡፡ ኮሌጁ ወጪውን ሸፍኖ የሚያስጎበኘው ደግሞ 11ኛ ክፍልን ከመጀመሩ በፊት ካለው ሐምሌ 25 ወዲህ ነው፡፡ ከሰኔ 8 በፊት አሠልጣኙ መላክ የሚፈቀድለት መጠይቅና የሥልጠና ካምፕ ማስታወቂያን የመሰለ ነገር ብቻ ነው፡፡ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ክልከላው የሚያስረው አሠልጣኙን እንጂ ተማሪውን አለመሆኑ ነው፡፡ ተማሪው በ9ኛ ክፍልም ቢሆን ሊጽፍ ይችላል፡፡

እንዲያውም እውነተኛው መጀመሪያ 9ኛ ክፍል ነው፡፡ ማኅበሩ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ውጤት መርምሮ 16 ዋና ዋና የትምህርት ኮርሶችን ይቆጥራል፤ ለአንደኛ ዲቪዚዮንም ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠይቃል፡፡ ኤስኤቲና ኤሲቲ የተሰኙት ፈተናዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ከማኅበሩ መስፈርት ቢወጡም፣ ኮሌጁ በራሱ የእንግሊዝኛም ሆነ ሌላ ፈተና ሊጠይቅ ይችላል፡፡ በመሆኑም ለልምምድ ሲባል በ9ኛ ክፍል የቀረ ትምህርት በ11ኛ ክፍል በሚመዘገብ ፈጣን ሰዓት አይካካስም፡፡ አሠልጣኝ ወዶት ሳለ በትራንስክሪፕት የሚወድቅ ሯጭ በሰዓት ከሚወድቀው ይልቅ ያሳዝናል፡፡

ሁለተኛው ማነቆ ዕድሜ ነው፡፡ በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በይፋ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት ልጆች የተወለዱት ከዚያ በፊት ነው፡፡ የልደት ምስክር ወረቀታቸው የሚወጣው ዘግይቶ ስለሆነ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በውድድር ምዝገባና በፓስፖርት ላይ የተለያየ የልደት ቀን መስፈሩ ዕድሉን ሊዘጋ ይችላል፡፡ ለአንድ ውድድር ተብሎ የተቀነሰ ዕድሜም ከዓመታት በኋላ ባለቤቱን ተከትሎ ይመጣል፡፡

ከክለብ ጋር የሚፈረም ውልም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ኮሌጆች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ቢፈቀድላቸውም፣ ተማሪው ኮሌጅ ሳይገባ የተቀበለው ደመወዝና ሽልማት አሁንም ይመረመራል፡፡ ደመወዙ ለቤተሰብ የዕለት ጉርስ ሊሆን ስለሚችል አትፈርም ብሎ መምከር ቀላል አይደለም፤ ከመፈረም በፊት ግን መጠየቅ ይቻላል፡፡

ለአሠልጣኝ የሚላከው ደብዳቤ አጭር ቢሆን ይመረጣል፡፡ ስም፣ የልደት ቀን፣ ክፍል፣ የትምህርት ውጤት፣ እንዲሁም የተመዘገበው ሰዓት ከውድድሩ ስፍራና ቀን ጋር ይበቃሉ፡፡ ሰዓቱ በእጅ የተያዘ ከሆነም ይኸው በግልጽ ይጻፋል፡፡